አዲስ አኳሪየም፦ ዓሦቹ ላይ ላዩን ይተነፍሳሉ፣ ነጭ ነጥብም ወጥቶባቸዋል። ቴትራሳይክሊን ስንት ልጨምር?

ሰሚት_ጉፒ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መስታወቱ 60 በ30 በ35 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከተሞላ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ውስጡ 2 ጎልድፊሽ፣ 6 ጉፒ፣ 2 ኤንጅል ፊሽና መስታወት የሚልስ አንድ ፕሌኮ ገብተዋል። ፊልተሩ ውሃ ውስጥ የሚጠልቀው ባለ ስፖንጅ፣ ሂተሩ 50 ዋት፣ ሙቀቱ 26 ዲግሪ። ውሃው የአዲስ አበባ ቧንቧ።

ጉፒዎቹ ላይ ላዩን ሆነው አፋቸውን ይከፍታሉ። ጎልድፊሾቹ ጠጠሩ ላይ ይታሻሉ። የኤንጅሎቹ ክንፍና ጅራት ላይ ደቃቅ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጥብ አለ። አንድ ጉፒ ዛሬ ጠዋት ሞቷል። የሸጠልኝ ሰው ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትቼ እንድጨምር ነገረኝ። ለዚህ መጠን ስንት ካፕሱል ነው? ፊልተሩንስ አውጥቼ በቧንቧ ውሃ በደንብ ልጠበው?

ባለስፖንጁ፦
ካፕሱሉን ተዪው፣ ፊልተሩንም አትንኪው። መጀመሪያ የውሃውን ግማሽ ቀይሪ፤ ስለ መድኃኒት ከዚያ በኋላ እናወራለን። ላይ ላዩን የሚተነፍስ ዓሣ ስንጥቡ (ውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት አካል) ተጎድቷል ወይም ኦክስጅን አጥሮታል፤ ሁለቱንም ካፕሱል አያድንም።

አቀያየሩ እንዲህ ነው። ሂተሩን መጀመሪያ ከሶኬት ንቀዪ፤ እየሞቀ ከውሃ በላይ ከቀረ ብርጭቆው ይሰነጠቃል። አሮጌውን ውሃ በቱቦ ስትስቢ ጫፉን ጠጠሩ ውስጥ እየሰካሽ ሂጂ፤ ያልተበላ ምግብና እዳሪ የሚከማቸው እዚያ ነው። አዲሱ ውሃ ክሎር የሌለው ይሁን፣ ሙቀቱም ከመስታወቱ ውሃ ከ2 ዲግሪ በላይ አይለይ። የእኛ የቧንቧ ውሃ ጠዋት ጠዋት በጣም ስለሚቀዘቅዝ ከፈላ ውሃ እየቀላቀልሽ በቴርሞሜትር ለኪ። በእጅ መገመት ያሳስታል። የምትመልሺውን ጠጠሩ ላይ ባስቀመጥሽው ሳህን ላይ በቀስታ አፍሺው።

ለ2 ቀን ምግብ የለም። ጤነኛ ትልቅ ዓሣ ሳምንት ቢጾም አይሞትም፤ ያልበላ ዓሣ ደግሞ ውሃውን ብዙ አያቆሽሽም።

ከመቀየርሽ በፊት ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ ለይተሽ አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች (የውሃውን የአሲድነት ልክ) ለኪ። ብዙዎቹ የወረቀት ስትሪፖች አሞኒያ የላቸውም፤ የምትፈልጊው በጠብታ የሚለካውን ነው።

ጋሽ_ላምበረት፦
ልጄ፣ ስፖንጁን አትጠቢ የተባልሽበትን ምክንያት እኔ ልጨምር። ዓሣ አሞኒያ የሚያስወጣው በአብዛኛው በስንጥቡ ነው፤ እዳሪና የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ወደዚያው ይሄዳል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። የሚኖሩት ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ተለጥፈው ነው፣ ውሃው ውስጥ ያሉት ጥቂት ናቸው። አዲስ መስታወት ውስጥ እነሱ እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ከዚያም ይረዝማል። አንቺ ጋ ገና በመብቀል ላይ ናቸው፤ ክሎር ያለው የቧንቧ ውሃ ካገኛቸው ተመልሰሽ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። ስፖንጁ ሲደፈን ከመስታወቱ በተቀዳ አሮጌ ውሃ፣ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨምቆ መመለስ ይበቃል።

ክሎሩን በተመለከተ፦ አፉ ሰፊ በሆነ ሳፋ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ክፍት ሆኖ ቢቀመጥ ይወጣል፤ ኤር ፓምፕ ከተጨመረበት በአንድ ሌሊት። ክዳኑ የተዘጋ ጀሪካን ውስጥ ማሳደር ግን ምንም ጥቅም የለውም፣ ጋዙ በየት ይወጣል? ለቸኮለ ሰው ሶዲየም ታዮሰልፌት ከኬሚካል ሻጮች ይገኛል። 10 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ሟሙቶ፣ ከዚህ 1 ሚሊ ሊትር ለ10 ሊትር የቧንቧ ውሃ። በመርፌ ሲሪንጅ ለክቶ፣ አማስሎ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መጠቀም ነው። ውሃው ጠፍቶ ሲመለስ የክሎር ሽታው የከረረ ከሆነ እጥፉን ማድረግ ይቻላል፤ በዚህ መጠን ዓሣ አይጎዳም።

ሰሚት_ጉፒ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እናንተም። ከመቀየሬ በፊት የለካሁት ይኸው፦ አሞኒያ 2፣ ናይትራይት 0.5፣ ናይትሬት 5፣ ፒኤች 8። ግማሹን ቀይሬያለሁ። ጉፒዎቹ ትንሽ ወረድ ብለዋል፣ ነጩ ነጥብ ግን በዝቷል።

ኬሚስትሪ_ክፍል፦
ቁጥሮቹ ሁሉንም ይናገራሉ። የምትለኪው አሞኒያ የነፃ አሞኒያና የአሞኒየም ድምር ነው፤ መርዛማው በዋናነት ነፃው አሞኒያ ነው፣ ድርሻውንም የሚወስኑት ፒኤችና ሙቀት ናቸው። 26 ዲግሪ ላይ ፒኤች 7 ቢሆን ከመቶ 0.6 ገደማ ነው። ፒኤች 8 ላይ ከመቶ 5.7 ይደርሳል፣ ወደ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ያንቺ 2 ሚሊ ግራም በሊትር ውስጥ 0.11 ያህሉ ነፃ አሞኒያ ነበር። ከ0.05 ሲያልፍ ስንጥብ ይቆስላል። ጉፒዎቹ ላይ ላዩን የወጡት ለዚህ ነው።

ግማሹን ስትቀይሪ ድምሩ ወደ 1፣ ነፃው ወደ 0.06 ወርዷል። አሁንም ከመስመሩ በላይ ነው። ነገ ሌላ ግማሽ ቀይሪ፣ ከዚያ በየቀኑ እየለካሽ ድምሩ ከ0.5 በታች እንዲቆይ አድርጊ። በአሲድ ፒኤች ለማውረድ ግን አትሞክሪ። ውሃው የሟሟ ካርቦኔት ካለው መልሶ ይወጣል፤ ዓሣውን የሚገድለው ደግሞ ያ መውጣትና መውረድ ነው።

ይህን የሚያነቡ የሐዋሳ፣ የባቱና የአዳማ ሰዎች የውሃቸውን ፒኤች ቢለኩ ጥሩ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች አልካላይን ናቸው፤ አንድ ዓይነት የአሞኒያ ንባብ እዚያ ይበልጥ ይጎዳል። ፒኤች 8.5 ላይ ነፃው ድርሻ ከመቶ 15 ያልፋል።

አርሊንግተን_ቨርጂኒያ፦
ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሆናችሁ ለምታነቡ፦ ውሃውን ክፍት አድርጎ ማሳደር እዚህ አይሠራም። የዲሲና የአርሊንግተን ውሃ ከ2000 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ የሚታከመው በክሎራሚን (ክሎርና አሞኒያ የተዋሃዱበት) ነው፤ ክሎራሚን ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ተንኖ አይወጣም። ታዮሰልፌት ብቻውንም ክሎሩን ይሰብርና አሞኒያውን ይተወዋል። አዲስ መስታወት ላለው ሰው ይህ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። አሞኒያንም እንደሚይዝ ማሸጊያው ላይ የተጻፈበትን የውሃ ማስተካከያ ግዙ። በጸደይ ወራት ቧንቧውን ለማጽዳት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ተራ ክሎር ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ ሽታው ስለሚለወጥ አትደንግጡ፣ የምትጨምሩትን ግን አትቀንሱ።

ባለስፖንጁ፦
አሁን ወደ ነጩ ነጥብ። ተለያይተው የሚቆጠሩ፣ ከጨው ቅንጣት የማይበልጡ ነጥቦችና ጠጠር ላይ መታሸት ከተገናኙ ኢክ ነው። ጥገኛ ተሕዋስ ነው እንጂ ባክቴሪያ ስላልሆነ ቴትራሳይክሊን አይነካውም። ውሃሽ ጠጣር ከሆነ ደግሞ ቴትራሳይክሊኑን ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ያስሩታል፤ የሚተርፍሽ ቡናማ ውሃና የታመመ ፊልተር ነው።

የኢክን አኗኗር ያላወቀ ሰው መድኃኒት በሦስተኛው ቀን ያቆምና እንደገና ይጀምረዋል። ነጥቡ የምታዪው ተሕዋሱ ከዓሣው ቆዳ ሥር ገብቶ ሲበላ ነው፤ እዚያ እያለ ምንም መድኃኒት አይደርስበትም። ሲጠግብ ይወድቅና ጠጠሩ ላይ ሼል ሠርቶ ይከፋፈላል፣ ከአንዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ይወጣሉ። የሚሞቱት ዓሣ ፍለጋ ሲዋኙ ብቻ ነው፤ በ2 ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙም በራሳቸው ያልቃሉ። 25 ዲግሪ ላይ ዙሩ ሁሉ አንድ ሳምንት ገደማ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ፦

ሙቀቱን በቀን ከ1 እስከ 2 ዲግሪ እያሳደግሽ 30 አድርሺ፣ ለ14 ቀን አቆዪው። ጠጠሩን በየቀኑ በቱቦ ምጠጪ፣ ሼሎቹ ይወጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጥቡ ሊበዛ ይችላል፤ ቀድሞ የገባው እየታየ ነው እንጂ ሕክምናው ከሽፎ አይደለም።

ቀዝቃዛ_ወገን፦
በ30 ዲግሪው አልስማማም፣ ለዚህ መስታወት። ጎልድፊሽ አለ፣ ስንጥባቸው በአሞኒያ የቆሰለ ጉፒዎች አሉ፣ ናይትራይትም አለ። ናይትራይት ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ያበላሻል፤ ስንጥባቸው ቡናማ የሚሆነው ለዚህ ነው። መተንፈስ ያቃተውን ዓሣ ኦክስጅን የሚያንሰው ሙቅ ውሃ ውስጥ ማስገባት ነው የምትላት። ጨው ይቅደም።

ኬሚስትሪ_ክፍል፦
አዲስ አበባ ላይ የክርክሩ ሚዛን ይለወጣል። ከባህር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብለናል፤ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፣ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ላይ በባህር ወለል 8.3 ሚሊ ግራም በሊትር የሚሟሟው እዚህ ወደ 6.3 ይወርዳል፤ 30 ዲግሪ ላይ 5.7። ጤነኛ ዓሣ ይኖርበታል፤ ያውም ውሃው ሙሉ በሙሉ ከጠገበ ነው፣ የተጨናነቀ መስታወት ደግሞ አይጠግብም። በእንግሊዝኛ የሚነበቡት መመሪያዎች ኤር ፓምፕን እንደ አማራጭ የሚያዩት የሚጻፉት ለዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ነው። እኛ ጋ ግዴታ ነው።

ባለስፖንጁ፦
ይሁን፣ ለዚህ መስታወት ጨው ይቅደም እላለሁ፤ ሙቀቱ 28 ላይ ይቁም። ሂሳቡን ላስቀምጥ።

60 በ30 በ35 ሲባዛ 63 ሊትር ይመጣል፣ ግን ጠጠሩና ላይ ያልሞላው ሲቀነስ እውነተኛው ውሃ 50 ሊትር ገደማ ነው። መድኃኒት በ63 የሚያሰላ ሰው ከመጠን በላይ ይጨምራል። በሊትር 2 ግራም፣ ድምሩ 100 ግራም ጨው። የኩሽና ሚዛን ከሌለሽ በልክ የተሞላ የሾርባ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 17 ግራም ገደማ ስለሆነ 6 ማንኪያ ነው። ሱቅ ያለው አዮዲን የገባበት ጨው ይሆናል፤ በዚህ መጠን አዮዲኑ አይጎዳም። ያልተጣራ የድንጋይ ጨው ግን ምን እንዳለው ስለማይታወቅ ይቅር።

ሦስት ቦታ ክፈዪው፣ በ12 ሰዓት ልዩነት፤ በተለየ ዕቃ ካሟሟሽ በኋላ ፊልተሩ ውሃ የሚተፋበት ቦታ አፍሺው። የጨው ቅንጣት ፕሌኮው ላይ እንዳያርፍ። ፕሌኮና ሌሎች ቅርፊት የሌላቸው ዓሦች ጨው ከሌሎቹ ያነሰ ስለሚችሉ እሱን ተከታተዪው፤ ሚዛኑን ስቶ ቢዋኝ ሩቡን ውሃ በጨው አልባ ቀይሪ። ቀንድ አውጣና ቀጫጭን ተክል ካለ ቀድመሽ አውጪ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ጨው አይተንም። ውሃ ተንኖ ሲጎድል ጨው በሌለው ሙዪው። ቀድተሽ ባወጣሽው ምትክ ስታስገቢ ግን ለገባው ብቻ በሊትር 2 ግራም ጨምሪ፤ 20 ሊትር ከቀየርሽ 40 ግራም። ጨው ሌላም ጥቅም አለው፦ ክሎራይዱ ናይትራይቱ በስንጥብ እንዳይገባ ይሻማዋል።

ጎተራ_ኤንጅል፦
እኔም ጋ ነጭ ነገር አለ፣ ግን ነጥብ አይደለም። ጀርባው ላይ እንደ ኮርቻ የተዘረጋ ግራጫ ነጭ ነው፣ አፉ ዙሪያም እንደ ጥጥ። እኔም ላሙቀው?

ቀዝቃዛ_ወገን፦
አታሙቅ! ያ ኮለምናሪስ ይመስላል፣ ባክቴሪያ ነው፣ ሲሞቅ ይፋጠናል። በ2 ወይም 3 ቀን ይጨርሳቸዋል። ወደ 23 ወይም 24 አውርድ፣ የታመመውን ወዲያውኑ ለይ፣ ውሃ ቀይር። እዚህ አንቲባዮቲክ ቦታ አለው፣ ግን ለዓሣ የተዘጋጀ፣ በተለየ ሳፋ ውስጥ፣ ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው።

ከኢክ መለየቱ ቀላል ነው፦ ኢክ ይቆጠራል፣ ኮለምናሪስ ይዘረጋል። ቁስል ላይ ብቻ ረዘም ያለ ፀጉር የሚመስል ነገር ካበቀለ ደግሞ ፈንገስ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ መነሻውም ቁስሉ ነው። የክንፍ ጫፍ እየተበላ ከሄደ በአብዛኛው የቆሸሸ ውሃ ውጤት ነው፤ ውሃው ሲስተካከል አዲስ፣ ግልጽ ጫፍ ያበቅላል።

ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት፦ የቁስል ጂቪ መስታወቱ ውስጥ አይጨመርም። ሚቲሊን ብሉም ቢሆን በሳፋ እንጂ በዋናው መስታወት አይሆንም፤ ፊልተሩ ላይ ያሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

ጋሽ_ላምበረት፦
ወንድ ጎልድፊሽ የመራቢያ ጊዜው ሲደርስ የስንጥቡ ክዳንና የፊት ክንፉ የመጀመሪያ አጥንት ላይ ነጫጭ ነጥብ ያወጣል። በመደዳ ነው፣ ሌላ ቦታ አይወጣም፣ ዓሣውም ደስ ብሎት ይበላል። ስንቱ ጤነኛ ዓሣ በከንቱ ታክሟል።

መገናኛ_ማታ፦
መብራት ሲጠፋስ? እኛ ጋ አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ባለስፖንጁ፦
ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፣ ሙቀት አይደለም። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኤር ፓምፕ ዋናው መድን ነው። ከሌለ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሁሉ በኩባያ እየቀዱ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሶ ማፍሰስ። ምግብ አይሰጥም። መስታወቱን በብርድ ልብስ ስትሸፍኑ ጎኖቹን ብቻ፣ ላዩ ይተንፍስ።

ስፖንጁ ከቆመ ፊልተር ውስጥ ታፍኖ ከቆየ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ። ከመስታወቱ ውጭ የሚቀመጠው ባለ ቱቦ ፊልተር የባሰ ነው፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሳታጥቡ መልሳችሁ ካበራችሁት የበሰበሰውን ሁሉ ዓሦቹ ላይ ይተፋዋል። መብራቱ እንደሚቆይ ካወቃችሁ ስፖንጁን አውጥታችሁ መስታወቱ ውስጥ ተንሳፍፎ ይቆይ፣ መብራት ሲመጣ በመስታወቱ ውሃ ጨምቃችሁ መልሱት።

ኤር ፓምፑ ከውሃው ወለል በታች የተቀመጠ ከሆነ ቱቦው ላይ ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ የማያሳልፍ) ይግባ። አለበለዚያ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ይፈስና ፓምፑንም ሶኬቱንም ያርሳል።

ሰሚት_ጉፒ፦
ጨው ገብቷል፣ ኤር ፓምፕ ተጨምሯል፣ ሙቀቱ 28። ነጥቡ ከኤንጅሎቹ ላይ እየረገፈ ነው፤ አሞኒያ 0.25፣ ናይትራይት ግን ወደ 1 ወጣ። ይሄ ምንድነው? ጨውስ መቼ ይወጣል? አዲስ ጉፒስ መቼ ልግዛ?

ኬሚስትሪ_ክፍል፦
ናይትራይቱ መውጣቱ የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች ሥራ መጀመራቸውን ያሳያል፤ ሁለተኛዎቹ ሁልጊዜ ዘግይተው ነው የሚመጡት። ጨው ስላለሽ በጣም አያሳስብም፣ ግን ከ0.5 በታች እንዲሆን መቀየርሽን ቀጥዪ። በጠብታ ስትለኪ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ፣ ናይትሬት ብቻ ከፍ ብሎ ለአንድ ሳምንት ከቆየ ፊልተሩ በቅቷል። ናይትሬቱን በሳምንት ከ25 እስከ 30 በመቶ ውሃ በመቀየር ከ40 በታች ያዢው።

ጊዜውን ለማሳጠር፣ ከቆየ፣ ዓሦቹም ጤነኛ ከሆኑበት መስታወት የተወሰደ ያገለገለ ስፖንጅ በእርጥቡ ላስቲክ ውስጥ አምጥተሽ ያንቺው ጎን አስገቢ። ከደረቀ አይረባም። ከማይታወቅ መስታወት ግን በሽታም አብሮ ይመጣል።

ባለስፖንጁ፦
ጨውና ሙቀቱ የመጨረሻው ነጥብ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ይቆዩ፤ በድምሩ ከ14 ቀን በታች አይሁን። ከዚያ በየ3 ቀኑ ሩብ ውሃ ጨው በሌለው እየቀየርሽ ቀንሺው። ሩብ ውሃ ሩብ ጨው ስለሚያወጣ ከአራት ቅየራ በኋላ ከ2 ግራም ወደ 0.6 ይወርዳል፤ የቀረው በሳምንታዊው ቅየራ ይሄዳል። ሙቀቱን በቀን በ1 ዲግሪ ወደ 25 መልሺ።

አዲስ ጉፒ ፊልተሩ ሳይበቃ የለም። ሲመጣም 20 ሊትር በሚይዝ ሳፋ፣ ትንሽ ስፖንጅ ፊልተርና የራሱ መረብ ተሰጥቶት 4 ሳምንት ለብቻው ይቆይ። መረብና ቱቦ በጋራ ከተጠቀምሽ ለብቻ ማስቀመጡ ትርጉም የለውም። የሱቁን ውሃ ከላስቲኩ ወደ መስታወትሽ አትድፊ፤ ዓሣውን በመረብ አውጥተሽ አስገቢ።

ጎልድፊሾቹን ግን ለሰው ስጪ ወይም ለብቻቸው ከ100 ሊትር በላይ አዘጋጂላቸው። በቀዝቃዛ ውሃ የሚስማሙ፣ ከ20 ሳንቲ ሜትር የሚያልፉና ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ አሞኒያ የሚያመርቱ ናቸው። ተራው ፕሌኮም ከ30 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፤ 50 ሊትር ውስጥ መዞሪያ አያገኝም። ኤንጅሎቹ ሲያድጉ የጉፒ ጫጩቶችን ይበላሉ፣ ያ ካላስከፋሽ ይቆዩ።

ጋሽ_ላምበረት፦
ምግብ ስትጀምሪ በቀን አንዴ፣ በ2 ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ ስጪ። ዳቦና እንጀራ ፈጽሞ አትስጪ። ጎልድፊሹ ሆዱ ተነፍቶ በጎኑ ከተንሳፈፈ 2 ቀን አስጹሚውና የተቀቀለ፣ ልጣጩ የወጣለት አንድ ፍሬ አተር ፈጭተሽ ስጪው፤ ቅርፊቱ እንደ ጥድ ፍሬ ተከፍቶ ከቆመ ግን ሆድ ድርቀት አይደለም፣ ለይተሽ አውጪውና ጻፊልን።